ሁለቴ የሚል በር

«ሽንኩርቱ ነው እንግዲህ ጥፋተኛው?» አለች ሴትየዋ።

«ሽንኩርቱን በር ላይ አስደግፎ የጫነው ሰው ነው ጥፋተኛው» አሉ አለቃዬ። «ጆንያ ተደግፎት የማይከፈት በር የት አይተሽ ታውቂያለሽ?»

«የኔ በር ነዋ! ስንት ዘመን ሽንኩርት ስጭንበት ተከፍቶ አያውቅም። እናንተ ከነካችሁት በኋላ ነው የተከፈተው።»

«እኛ የነካነው በሩን ነው። በሩ ደግሞ ደህና ነው።»

«ደህና ከሆነ ቡልቡላ አስፋልት ላይ ተንበርክኬ ሽንኩርት ስለቅም ለምን ዋልኩ?»

ሴትየዋ የሚኒባሱን ቁልፍ በጡጫዋ ጨብጣ የጋራዡ መሃል ላይ ቆማለች። መኪናው የራሷ ነው፤ ከአዳማ ሻሸመኔ የምትነዳውም ራሷ ናት። ሹፌር ነበራት፤ ግን በሩ በተመታ ሰሞን «በር የሌለው መኪና አልነዳም» ብሎ ጥሏት ሄዷል። ነገሩ የጀመረው ሞጆ ነው። ወደኋላ የሚመጣ ከባድ መኪና ጎኑን መታባት፤ ተንሸራታቹ በር ወደ ውስጥ ገባ። አዳማ ወደ እኛ ጋራዥ አመጣችው፤ አለቃዬ በሩን አውርደው፣ ቀጥቅጠው፣ ቀለም አስቀብተው መለሱላት። ደስ ብሏት ሄደች። ከዚያ ቡልቡላን እንዳለፈች መንገዱ ላይ ካለው ጉብታ ስትደርስ በሩ ማንም ሳይነካው ተንሸራቶ ተከፈተ። የሽንኩርቱ ጆንያ ወደቀ። በር ሥር የተቀመጠችው ተሳፋሪም ልትከተለው ነበር፤ ከጎኗ ያለው ሰው በሻርፗ ይዞ አስቀራት። የወደቀው ሽንኩርት ብቻ ነው። ሁሉም ወርዶ እየሣቀ ለቀመ አሉ። ሴትየዋ ግን አልሣቀችም።

እኔ ግድግዳው ሥር ቁጢጥ ብዬ የሌላ መኪና ፓራፋንጎ፣ የጎማውን መከለያ፣ በብርጭቆ ወረቀት እያሸሁ ነበር። ጠዋት ጠዋት ቴክኒክና ሙያ እማራለሁ፤ ከሰዓት በኋላ እዚህ እለማመዳለሁ። የተለማማጅ ቦታ ደግሞ ግድግዳው ሥር ነው፤ አፉም እዚያው ነው። ግን ሴትየዋ ስትገባ በንዴት በሩን ከፍታ መልሳ ስትወረውረው ሰምቼ ነበር፤ ከዚያ በኋላ ጆሮዬ ውስጥ የቀረው ነገር አላስቀምጥ አለኝ።

«ጋሼ፣ በሩ ሁለቴ ነው የሚለው» አልኩ።

ይህ አነጋገር የጋራዡ ነው፤ ስለዚህ ማስረዳት አለብኝ። እኛ ዘንድ አንድ በር ተሠርቶ ሲያልቅ አለቃዬ ለመኪናው ጀርባቸውን ይሰጣሉ። ግድግዳው ጋ ከተቀመጠች አሮጌ የሚኒባስ ወንበር ላይ ይቀመጡና አንገታቸውን ይደፋሉ። ከእኛ አንዱ በሩን ይዘጋል። እሳቸው አያዩም፤ ይሰማሉ። በሩ አንዴ ብቻ ካለ «ሂድ» ይላሉ፤ ለመኪናው ነው የሚሉት። ሁለቴ ካለ «አውርዱት» ይላሉ። ሁለቴ የሚል በር ማለት መጀመሪያ ጠርዙ ማቀፊያውን ይነካል፣ ቀጥሎ ቁልፉ ይይዛል። በሁለቱ መሃል ያለችው ፋታ ከዓይን ጥቅሻ ታጥራለች፤ ግን መጀመሪያ አቧራ፣ ቀጥሎ የዝናብ ውሃ፣ በመጨረሻ ሰው የሚያልፈው በእሷ ነው። ሥራውን ያስተማሯቸው ሰውም እንዲሁ ያደርጉ ነበር አሉ። በሞጆ መውጫ መንገድ ያሉ ባትላሜራዎች፣ የተመታ መኪና የሚያቃኑ ሁሉ፣ ይህን ወንበር ያውቁታል። ሌላ ቤት የተሠራ በር እንኳ ለማሰማት የሚመጣ ሰው ነበር።

ነገር ግን አለቃዬ ዕድሜያቸውን ሙሉ ላሜራ ሲቀጠቅጡ ኖረዋል፤ ጆሯቸውን ሸፍነው አያውቁም። የሬዲዮናቸው ድምፅ በየወሩ ከፍ ይል ነበር። ሲያነጋግሯቸው ዓይናቸውን ከሰው አፍ ላይ አያነሱም። ይህን ሁላችንም እናያለን፤ ማንም አይናገረውም። ስለዚህ ያን ቀን ያልኩት ነገር ስለ በሩ ብቻ አልነበረም። የገባኝም ካልኩት በኋላ ሁሉም እጁን ከሥራው ሲያነሳ ነው።

«ማን ጠየቀህ?» አሉኝ።

«ማንም፣ ጋሼ።»

«አየሽው ይሄን?» አሉ ወደ ሴትየዋ ዞረው። «ገጣሚ ነው። ሳይዘንብ ጠብታ ይሰማል።»

ሴትየዋ ግን እየተመለከተችኝ ነበር። «ያ ጉርባ፣ ምን አልክ?» አለችኝ። እሷ ስትናደድ ኦሮምኛዋ ይቀድማል፤ «አንተ ልጅ» ማለቷ ነው።

«ሁለቴ ነው የሚለው አዴ። ይዝጉትና ይስሙት።»

ሄዳ ዘጋችው። ግርርር ብሎ መጣና ቷ አለ፤ ወዲያው ተከትሎ ቃ። ቀለም የምትረጨው የሥራ ባልደረባዬ ጭንብሏን ወደ ግንባሯ ሰቅላ ቆማ ነበር፤ ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ሴትየዋ «እኔም ሁለት ሰማሁ» አለች፤ ቀስ ብላ።

አለቃዬ መርቴሏቸውን፣ ያን የላሜራ መዶሻ፣ ከጠረጴዛው አንስተው ቦታ ለወጡለት። ከዚያ፦

«እሺ። አንተ የሰማኸውን አንተ ሥራው» አሉ። «በሩን የሚነካ ሌላ ሰው የለም። መኪናው ከሄደ በኋላ ከተመለሰ ግን ነገ ሌላ ጋራዥ ፈልግ።»

«መኪናዬ መለማመጃ ነው እንዴ?» አለች ሴትየዋ።

«ጆሮውን አምነሽ የለ? እጁንም እመኚው» አሏትና ወደ ወንበራቸው ሄዱ።

የዚህ ቃል ክብደት ለኔ ምን እንደነበር ለመናገር ትንሽ ወደ ኋላ ልመለስ። እኔ ጀምሬ የተውኩትን ነገር ቆጥሬ አልጨርስም። ባጃጅ ነድቻለሁ፤ ሁልጊዜ እዚያው ፖስታ ቤት ዞሮ መምጣት ሰለቸኝና ተውኩት። ፀጉር ቤት ገብቻለሁ፤ ስልክ ጥገና ገብቻለሁ። ያላቋረጥኩት ግጥም ብቻ ነው፤ እሱንም ማንም አላስተማረኝም። አሮጌ መጽሐፍ መሬት ላይ ዘርግተው ከሚሸጡት ዘንድ ቆሜ እያነበብኩ፣ ሳይገዛ የሚያነብ ብለው እስኪያባርሩኝ ድረስ ነው የተማርኩት። እናቴ ስለ ግጥሜ ክፉ ተናግራ አታውቅም። አንድ ቀን ብቻ፣ ስልክ ጥገናውን ትቼ የመጣሁ ዕለት፣ «አንድ ነገር ጨርሰህ አሳየኝ፤ ምንም ይሁን፣ ብቻ ያለቀ ይሁን» አለችኝ። ባትላሜራ ስገባ የት እንደምቆይ አላወቅሁም ነበር። ቆየሁ። ምክንያቱ አሁን ይገባኛል፤ ሙያው በጆሮ ነው። የተጎዳ ላሜራና ደህና ላሜራ በመርቴሎ ሲነኩ አንድ ዓይነት ድምፅ አያወጡም። የስንኝ መሰበር የሚሰማኝን ያህል እሱም ይሰማኝ ነበር። ያ ጋራዥ ከቀረብኝ የማጣው የልምምድ ቦታ ብቻ አይደለም፤ ልጨርሰው የምፈልገውን የመጀመሪያውን ነገር ነው።

ከሰዓቱን ሙሉ በሩን አልነካሁትም። ይህን ያዩት ቀለም ቀቢዋ ልጅና ሴትየዋ ናቸው፤ ሁለቱም በየራሳቸው ተናደዱ።

«ጀለስ፣ በሩ እዚህ ነው» አለችኝ ልጅቷ።

«ገመድ ያዥልኝ።»

ትምህርት ቤት የተማርኩት ነገር ነው። የበሩን አፍ በገመድ ለካሁ፤ ከላይኛው ጥግ ወደ ተቃራኒው ታችኛው ጥግ፣ ከዚያ ደግሞ ሌላውን። ሁለቱ እኩል መሆን አለባቸው። እኩል አልነበሩም፤ የአውራ ጣት ስፋት ያህል ይለያዩ ነበር። ሞጆ ላይ የተመታው በሩ ብቻ አልነበረም፤ በሩ የሚያርፍበት የኋላው ቋሚ ብረትም ወደ ውስጥ ገብቷል። በዓይን አይታይም። አለቃዬ በሩን ሲመልሱት አልገጥም ስላላቸው በሩን ትንሽ አጣምመው ከጠማማው ቋሚ ጋር አስማሙት። በዚህ መንገድ ዳር የምንሠራ ባትላሜራዎች ሁሉ የምንሠራው ስህተት ይሄ ነው፤ ደንበኛው ቆሞ «አላለቀም?» ሲል በሩ የሚገባበትን ቤት ከማቃናት በሩን ማጣመም ይቀላል። ቆሞ ሳለ ይዘጋል። መኪናው ጉብታ ላይ ሲወጣ ግን ቋሚው ወደ አንድ በኩል፣ በሩ ወደ ሌላ በኩል ያዘነብላሉ፤ ቁልፉ ይለቃል።

«ታዲያ አዲስ በር ይገዛ» አለች ሴትየዋ ስነግራት።

«አዲስም ቢገዙ እዚያው ነው የሚገባው አዴ። ቋሚው ነው የታመመው።»

«አንተ ደግሞ ሐኪም ሆንክ» አለች፤ ግን አልሄደችም። የመኪናው ደረጃ ላይ ተቀምጣ ለውዝ እየፈለፈለች ጠበቀች።

በማግሥቱ ትምህርት አልነበረም፤ ማልጄ መጣሁ። መኪናውን ከጋራዡ የሲሚንቶ ምሰሶ ፊት አቆምነው። ሰንሰለት ከቋሚው ወደ ምሰሶው አሰርኩ፤ መሃሉ ላይ ክሪክ አስገባሁ። ክሪኩን ስነሣው ሰንሰለቱ ተወጠረ፤ ብረቱም ማቃሰት ጀመረ። በጥንቃቄ ሳብኩ። ገመዱን ለካን፤ እኩል ሆነ። ልጅቷ አውራ ጣቷን ቀስራ አሳየችኝ። ክሪኩን ፈታሁ።

ብረቱ ተመለሰ። ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ግን ተመለሰ። እንደገና ሳብኩ፤ እንደገና እኩል ላይ አቆምኩት፤ እንደገና ተመለሰ። ፀሐዩ ከበረታ በኋላ የአዳማ ነፋስ እንደ ልማዱ አቧራውን ይዞ ተነሣ። ኮረብታው ላይ ያሉት የነፋስ ተርባይኖች ሲዞሩ ከጋራዡ ደጅ ይታያሉ፤ እነሱ ሲፈጥኑ ቀለም መርጨት እናቆማለን። ልጅቷ ሥራ ፈታ አጠገቤ ቁጭ አለች። እጄ ላይ ሰንሰለቱ የቀረጸው መስመር እየቀላ መጣ። ባጃጁን የተውኩበትን ዓይነት ስሜት አወቅሁት፤ ከእግር ጫፍ የሚጀምር፣ ወደ ደጅ የሚገፋ ነገር ነው።

አለቃዬ ያን ጊዜ ነው ሻይ ብርጭቋቸውን ይዘው ባጠገቤ ያለፉት። አልቆሙም። ፊታቸውንም አላዞሩም።

«ታፍረዋለህ እንዴ?» አሉ። «ብረት የለመደውን ቶሎ አይረሳም። እዚያ እንዲቆም ከፈለግህ ከዚያ አሳልፈህ ሳበው።»

አልፈው ሄዱ። እኔ ክሪኩን መልሼ አስገባሁ። እኩል ከሆነበት አለፍኩ። ሰንሰለቱ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል፤ ልጅቷ «ይበቃል፣ ይበቃል» ትላለች፤ እኔ ትንሽ ጨመርኩ። በዚያው አቆይቼ በመርቴሎ ዙሪያውን እየመታሁ ብረቱን አስረሳሁት፤ የድምፁ ንዴት እስኪበርድ ድረስ። ከዚያ ፈታሁ። ተመለሰ፤ መመለስ ካለበት ቦታ ላይም ቆመ። ገመዱን ልጅቷ ለካችው፤ አላመነችም፤ ደግማ ለካችው። ገመዱን አንገቴ ላይ ጣለችልኝ፤ እንደ አበባ ጉንጉን።

የቀረው በሩን ከጥመቱ መመለስ ነበር። አለቃዬ ለጠማማው ቤት ያጎነበሱትን ጠርዝ አቃናሁት። ቀለሙ የተነሣበትን ቦታ ጠርጌ የመጀመሪያውን ግራጫ ቀለም ቀባሁ። እሱ ሲደርቅ ጠመኔ አነሳሁ። ከጀመርኩ ሰነባብቻለሁ፤ የመጨረሻው ቀለም ከመረጨቱ በፊት ግራጫው ላይ ስንኝ እጽፋለሁ፤ ልጅቷ ታነበዋለች፤ ከዚያ በጨርቅ ጠርጋ ትረጭበታለች። ሌላ አንባቢ የለኝም ነበር። የዚያን ቀኑ ይሄ ነው፦

ጉብታው ቢያናውጥሽ፣ ነፋሱ ቢመጣ፣
በርሽ አንዴ ይላል፤ ሽንኩርት እንኳ አይወጣ።

ልጅቷ ጭንብሏ ውስጥ ስትሥቅ ትከሻዋን አየሁት። «ይሄን መጥረግ ኃጢአት ነው» አለች። ጠረገችው።

ቀለሙ ደርቆ በሩ ሲሰቀል ሴትየዋ ተጠራች። አለቃዬ ከወንበራቸው ተነሡ። ሁላችንም ዞር ብለው እስኪቀመጡ ጠበቅን። አልተቀመጡም። ወደ መኪናው መጡና ቀኝ መዳፋቸውን በቋሚው አናት፣ ጣሪያው ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ዝጋው» አሉኝ።

ዘጋሁት። ግርርር አለና፣ ቷ። ቀጥሎ የሚመጣ ነገር ጠበቅሁ። ምንም አልመጣም። ከጋራዡ ውጭ የሚያልፍ የባጃጅ ጡሩምባ ብቻ ተሰማ።

የአለቃዬ መዳፍ አልተነቃነቀም። «ድገመው» አሉ። ደገምኩት። «ቀስ ብለህ።» ቀስ ብዬ ዘጋሁት። «በጉልበት።» በጉልበት ዘጋሁት። አንዴ፤ አንዴ፤ አንዴ። ዓይናቸውን ገልጠው መዳፋቸውን አዩት፤ አንድ ነገር እንደነገራቸው። ስንት ዓመት ሙሉ ጀርባ ሰጥተው ሲሰሙት የኖሩት ነገር በእጅም እንደሚመጣ ያን ዕለት ይሆን ያወቁት፣ ወይስ ቀደም ብለው በሚስጥር ሲለማመዱት ቆይተዋል? እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም።

«ሂድ» አሉ፤ ለመኪናው።

«እኔ አላመንኩም» አለች ሴትየዋ። «እኔ የማምነው ቡልቡላን ነው።»

ሄደች። ሌሊት በሻሸመኔ መንገድ ያሉትን ጉብታዎች አንድ በአንድ በሐሳቤ ነዳሁ፤ መቂን፣ ባቱን፣ ቡልቡላን። ቀን የተሰጠኝን ላሜራ እያሸሁ የደጁን ድምፅ ሁሉ አዳምጥ ነበር። የጋራዡ የቆርቆሮ በር ላይ የተሠራችው ትንሿ መግቢያ ሰው በገባ ቁጥር ቷ-ቃ ትላለች፤ ጠማማ ናት። ገና ልምምድ ስጀምር «ጋሼ፣ ይህችን ላቃናት?» ብያቸው «ተዋት፤ ሰው መግባቱን የማውቀው በሷ ነው» ብለውኛል። ያኔ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

ሴትየዋ ከሦስተኛ ምልልሷ በኋላ መጣች። ቷ-ቃ። ፊቷ እንደ መጀመሪያው ቀን ነው።

«በሩ አስቸገረኝ» አለች።

አለቃዬ ከወንበራቸው ቀና አሉ። እኔ የብርጭቆ ወረቀቱን አስቀመጥኩ።

«ምን ሆነ?» አሉ።

«ተሳፋሪው እንደ ድሮው ከሩቅ በጉልበት ይወረውረዋል። ቀስ በሉ፣ በጣት ይዘጋል ብላቸው አያምኑም። ጆሮዬን አደነቆሩኝ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞራ በጣም ቀስ ብላ ሣቀች። «ሁለት ጆንያ ሽንኩርት ሆን ብዬ አስደግፌበት ሄድኩ። ጉብታው ላይ ደግሞ ፍሬን አልያዝኩም። አንድ አልወደቀም። ጋላቶሚ፣ ያ ጉርባ።» አመስግናኝ ስታበቃ ትከሻዋ ላይ የነበረውን ፌስታል እግሬ ሥር አኖረችው። ሽንኩርት ነበር።

ማታ ይዤው ገባሁ። እናቴ ፌስታሉን ከፍታ «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አለች።

«ያለቀ ነገር ነው» አልኳት። በሩን ነገርኳት። አንዱን ሽንኩርት አንስታ እንደ ዕቃ አገላበጠችውና ስትልጠው አለቀሰች፤ ሽንኩርቱ ነው አለች።

በሳምንቱ አንድ ሰው ጎኑ የተመታ ፒክአፕ ይዞ መጣ። ከአርሲ በኩል ነው የመጣው፤ ስለዚያች ወንበር ሰምቷል። የሾፌሩን በር ከፍቶ ዘጋውና ለአለቃዬ «ይስሙልኝ እስኪ፣ ኦቦ። ጀርባ ሰጥተው የሚሰሙት እርስዎ ነዎት አይደል?» አላቸው።

አለቃዬ ወንበሯን አዩ። ከዚያ ጃኬታቸውን ከሚስማሩ ላይ አወረዱ። ደንበኛ ቆሞ እሳቸው ከጋራዡ ሲወጡ አይተን አናውቅም፤ ልጅቷ የቀለም መርጫዋን አቆመች። መርቴሏቸውን ከጠረጴዛው አንስተው፣ እጀታውን ወደ እኔ አዙረው፣ ያሸሁት ፓራፋንጎ ላይ አስቀመጡት።

«እሱ ይሰማልሃል» አሉት ሰውዬውን። «እኔ ሻይ ልጠጣ።»

«ይሄ ልጅ?» አለ ሰውዬው።

«ገጣሚ ነው» አሉ። «ሳይዘንብ ጠብታ ይሰማል።»

ቃሉ ያው የመጀመሪያው ቀን ቃል ነበር። አሮጌዋ የሚኒባስ ወንበር ላይ ተቀምጬ ለፒክአፑ ጀርባዬን ሰጠሁ፤ አንገቴን ደፋሁ። አለቃዬ ወደ ደጅ ሲሄዱ ጫማቸው ጠጠሩ ላይ ተሰማኝ፤ ከዚያ ትንሿ መግቢያ ከኋላቸው ተዘጋች። ቷ-ቃ አለች፤ ሁለቱንም ድምፅ ሰማሁ።